ከአስመራ እስከ ጎንደር፣ ከአንድ ሣጥን አፅም ጋር

ጎንደር ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ነው። ግንቡን ያየሁት በመጨረሻው ቀን ከመኪና መስኮት ስለሆነ ስለ እሱ የምነግራችሁ የለኝም። የምጽፈው ከአስመራ ወደ ጎንደር ስለሚያስገባው መንገድና በዚያ መንገድ ላይ ስለተቀበሉኝ ሰዎች ነው። ይህንንም የምጽፈው እንደ እኔ አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን አገር በካርታ ብቻ ለምታውቁት ነው።

ጎንደር የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ተማሪዎቹ ገጠር ወጥተው በሽተኛ እንዲያክሙ፣ ምንጭ እንዲያጠሩ፣ አዋላጆችን እንዲያስተምሩ የሚሠለጥኑ ናቸው። መምህራን መጥተዋል፤ መጻሕፍትም አሉ። የሰው አፅም ግን አልነበራቸውም። ዓመቱን ሙሉ የሰውን አካል የተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሣለ ሥዕልና ከቄራ ከመጣ የበሬ አጥንት ነው። ከባሕር ማዶ የታዘዘላቸው አፅም ምጽዋ ወርዶ አስመራ ድረስ ከመጣ በኋላ የሚያነሣው አጥቶ ተቀምጦ ነበር። የተግባር ፈተናው ሰኞ ነው። ፈታኙ እንግዳ ሰው ነውና ማክሰኞ ይመለሳል። አፅሙ ካልደረሰ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ተማሪዎቹ ዓመቱን ይደግማሉ። እኔ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ክፍል ረዳት ነኝ። ለፈተናው እንዳግዝ ስታዘዝ፣ በአስመራ በኩል ዞሬ ሣጥኑን ይዤ እንድገባ ተነገረኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ያለ እሱ የሚከተለው አይገባችሁም። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። የምለውን በልቤ አውጥቼ አውርጄ እስክጨርስ ሰዎች ሌላ ወሬ ይጀምራሉ።

ረቡዕ

አስመራ ጉምሩክ ውስጥ ሣጥኑን አስከፍቼ እያንዳንዱን አጥንት ከጥጡ እያወጣሁ አየሁ። የጎደለ አልነበረም። የቀኝ ክንድ አጥንት ከአንጓው ከፍ ብሎ ጎበጥ ያለ መሆኑን ልብ አልኩና መልሼ ጠቀለልኩት። ሠራተኛው ክዳኑን ሲመታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር ምስማሩ በደንብ አልገባም። አይቼዋለሁ። ድገመው ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም።

አውቶቡሱ ከጣልያን የቀረ አሮጌ ማኪና ነው። ሾፌሩ ተሰማ የሚባል የጎንደር ሰው ሲሆን ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ወይዘሪት፣ ይህ ሣጥን ምን ይዟል?»

«የትምህርት ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው ጣሪያ ላይ ይውጣ። ትምህርት ከፍ ያለ ነገር አይደል?»

ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት አስመራ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ የደባርቅ ገበሬ ናቸው። ሰው ሁሉ አያ ካሴ ይላቸዋል። ከልጃቸው የተላከላቸውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና ምንም ሳይጠይቁኝ አብረን ዋልን። እኛ አገር በአውቶቡስ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ገና አንድ ፌርማታ ሳይሄድ የማን ልጅ መሆናችሁን ያውቃል። እኒህ ሰው ግን ዝምታዬን እንደ ቁም ነገር ቆጠሩልኝ። ማታ እንዳ ሥላሴ ገባን፤ እኔ ከሴት ተሳፋሪዎች ጋር አንድ ክፍል አደርኩ።

ሐሙስ

ተከዜን ስንሻገር ሙቀቱ ልብሴን ከወንበሩ ጋር አጣበቀው። አዲስ አበባ ሙቀት የምንለው ነገር ሙቀት አለመሆኑን እዚያ ተረዳሁ። ከወንዙ ወዲህ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ማኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጣሪያው ላይ ሣጥኑ ሲንጓጓ ይሰማኛል፤ እኔም ምስማሩን አስባለሁ።

አዲ አርቃይ ስንደርስ ዕቃ ሲወርድ ገመዱ ሾልኮ ሣጥኑ በማዕዘኑ ወደቀ። ክዳኑ ተነሣ። ጥጡ ተፈታና የራስ ቅሉ እስከ ዓይኖቹ ጉድጓድ ድረስ ታየ።

ማንም አልጮኸም። ጮኸው ቢሆን ምናልባት እኔም እናገር ነበር። አያ ካሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ሣጥኑን አለበሱትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ? ምነው ሳትነግሪን? ይህን ሁሉ መንገድ ከሽንኩርት ጋር ጣሪያ ላይ ጭነነው እንምጣ?»

አፌን ከፈትኩ።

«ተይ፣ ተይ፣ አትናገሪ። አባትሽ ነው?»

 ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከድንጋጤ ነው። ለእሳቸው ግን መልስ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። በዚያ አገር ሰው በሰው አገር ሞቶ ሲቀር፣ ዘመዱ ከዓመታት በኋላ ሄዶ አፅሙን አንሥቶ ከወገኖቹ አጠገብ ያሳርፈዋል። ይህን የሚያደርግ ልጅ የተመሰገነ ነው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ስታደርገው ደግሞ ከዚያም በላይ። ተሳፋሪው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ተሰማ ሣቁን ትቶ ምስማሩን በድንጋይ መታና «ወይዘሪት፣ ይቅር በይኝ፣ ስለ ትምህርቱ የቀለድኩትን» አለ። ሣጥኑ ከጣሪያ ወርዶ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቦታቸውን የለቀቁት ሁለት ሰዎች ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ።

በዚያች ማታ ያደርንበት ቤት ባለቤት ሒሳብ አልቀበልም አለች። እኔ ደግሞ የቀረበልኝ እንጀራ አልወርድልሽ አለኝ። ያም ሐዘኔ ተብሎ ተቆጠረልኝ።

ዓርብ

ሊማሊሞን ያላያችሁ፣ የእንጦጦን ዳገት ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ አቁሙት። መንገዱ ገደሉን እየተጠመጠመ ይወጣል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከግማሽ በላይ እንደ ወጣን አፈር ተንዶ መንገዱን ሸፍኖት አገኘነው። ማኪናዋ ባዶዋን በጠርዙ እንድታልፍ ሁላችንም ወረድን።

ሣጥኑን ተሰማ ጋር ልተወው ብዬ ነበር። አያ ካሴ ግን ሁለት እንጨት አስቆርጠው ቃሬዛ አበጁ። ወንዶቹ ትከሻ እየተቀያየሩ ጭቃውን በእግራቸው እየፈተሹ ተሸከሙት። ግራችን ገደል ነው፤ ጉሙ ከታች ይወጣል። አያ ካሴ አንድ ጊዜ እግራቸው ተንሸራተተና አንድ እጃቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ዳኑ። ቃሬዛውን ግን አልለቀቁም። «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» እያሉ ተነሡ። መዳፋቸው ደምቶ ነበር።

ከኋላ የምትሄድ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘች። «ስሙን ንገሪኝ እኅቴ፣ በስሙ ላልቅስለት።»

«ተይው» አልኳት። «እባክሽ ተይው።»

ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ በደንብ የያዘኝ። አሁን ብናገር በዚህ ገደል አፋፍ ላይ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጉኛል? ባልናገርስ ይህ ነገር የት ያቆማል?

ደባርቅ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አያ ካሴ የወሰዱኝ እትዬ አበቡ ወደ ተባሉ ሴት ቤት ነው። መንገደኛ የሚያሳድሩ፣ ጠላም የሚሸጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ጋር ይተካከላል። ሣጥኑን ከራሳቸው መደብ ላይ አስቀምጠው ነጠላ አለበሱት። እኔን እሳት ዳር አስቀምጠው እግሬን ለማጠብ ጎንበስ ሲሉ እግሬን ሰበሰብኩ።

«ምነው? እግርሽ የማን ነው? የመንገደኛ አይደል?» አሉና ጎትተው አጠቡኝ። ቀኑ ጾም ስለሆነ በስልጆ የገብስ እንጀራ በላን። ቤታችን የገብስ እንጀራ ቢቀርብ እናቴ እንግዳውን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እዚህ ግን ከጤፉ በፊት የሚያልቀው እሱ ነው።

እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ እትዬ አበቡ እንዲህ አሉኝ፦ «ለመምሬ ውብነህ ልኬባቸዋለሁ። ጧት ማኪናው ሳይነሣ መጥተው ይፈቱታል። ፍትሐት ሳይደረግለት ከቤቴ አይወጣም። በይ አሁን ተኚ።»

ቅዳሜ

መምሬ ውብነህ ከአያ ካሴና ከተሳፋሪዎቹ ጋር ማለዳ መጡ። ግቢው ሰው ሞላ። ተሰማ ከአጥሩ ውጭ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። መምሬ መስቀላቸውን አሳለሙኝና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

አንድ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ገብረ ማርያም ብል በዚያው አበቃ። ጸሎቱ ይደረጋል፣ ማኪናው ይነሣል፣ ሰኞ ፈተናው ይሰጣል። ዓይኔን ሳነሣ የአያ ካሴን መዳፍ አየሁት፤ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አላውቅም» አልኩ። «አባቴ አይደለም። ዘመዴም አይደለም።»

የምናገረውን ሳላወጣ ሳላወርድ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ኮሌጁን፣ ፈተናውን፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ መምጣቱን ነገርኳቸው። 

አያ ካሴ ቀስ ብለው ቀረቡኝ። «ትላንት ትከሻዬ ላይ የነበረው ማነው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

«ተሸጦ ነው የመጣ?»

«አዎ።»

«ሰው?»

 ከኋላ አንዱ «እዚሁ ይቀበር፣ ምን ያነጋግራል!» አለ። ሌላው «እሷስ? አልቅሰንላት!» አለ። ሁለት ሰዎች ወደ ሣጥኑ ሲሄዱ እትዬ አበቡ በሩ ላይ ቆሙ።

«ቤቴ ውስጥ ማንም እንዳይገባ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ስለሱ የምታውቂው ምንም ነገር የለም?» አሉኝ።

«ሴት ናት» አልኩ።

 እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም እሱ ስንል ነበር፤ እኔም ጭምር።

«በምን አወቅሽ?» አሉ መምሬ።

«በዳሌዋ አጥንት። ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። በቁመት ታንሰኛለች። ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ ነበር፤ ከሞተች በኋላ አይደለም፣ ገና ልጅ ሳለች። ገጥሟል፣ ግን ጎብጦ ነው የገጠመው።»

«የቱ ጋ?» አሉ እትዬ አበቡ።

በራሴ ክንድ ላይ አሳየኋቸው፤ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል።

«ወጌሻ አጥታ ነው» አሉ እትዬ አበቡ። ይህን ያሉት ለማንም አይደለም።

ከዚያ ንግግሩ ሌላ መልክ ያዘ እንጂ አልቀለለም። አያ ካሴ ሰው ያለ አፈር አይቀርም ብለው ቆረጡ። እኔ ተማሪዎቹ ሌላ አፅም እንደሌላቸው፣ እስከ አሁን የበሬ አጥንት ሲያጠኑ እንደ ከረሙ ተናገርኩ።

«በበሬ ተምረው ነው እኛን ሊያክሙን የሚመጡት?» አሉ አያ ካሴ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

መምሬ እንዲህ አሉ፦ «ጥምቀቷን ለማላውቃት ፍትሐት አልፈታም። ጸሎት ለማድረግ ግን ማንም አይከለክለኝም። ተማሪዎቹ ይማሩባት፤ ሲጨርሱ ግን አፈር ትቅመስ። ልጂቱ ለዚህ ዋስ ትጥራ።»

ዋስ። እዚያ አገር ሰው ቃሉን የሚያጸናው በሌላ ሰው አንገት ነው። እኔን ግን በዚያ ግቢ ከሦስት ቀን በፊት የሚያውቀኝ አልነበረም። የማውቃቸው አያ ካሴን ነው፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ እትዬ አበቡ።

«አበቡ፣ አስቢበት» አሉ አያ ካሴ። «ይህች ልጅ ነገ አዲስ አበባዋ ትገባለች። የምንይዘው አንቺን ነው። አፅሟ ሜዳ ወድቆ ቢሰማ ከዚህ ቤት ጠላ የሚጠጣ የለም።»

«ባይጠጡ እኔ እጠጣዋለሁ። እግሯን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አውቃታለሁ።»

መምሬ ጸለዩ። ወንዶቹ ሣጥኑን ተሸክመው ማኪናው ውስጥ አስገቡ። የደባርቁ አያ ካሴ እዚያው ቀሩ፤ ሲሰናበቱኝ እጄን አልጨበጡኝም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ የሜዳውን ስፋት ከማየት ይልቅ አንድ ቃል ስፈታና ስቋጥር ነበር፦ ሲጨርሱ። ኮሌጅ መቼ ይጨርሳል? የዘንድሮዎቹ ሲወጡ የሚቀጥሉት ይገባሉ። ይህን በግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እሑድ

ተማሪዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አፅሟን ረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። መጀመሪያ የሚነካ ጠፋ። ኋላ አንዱ የጉልበቷን ሎሚ አነሣና «ይቺ ናት?» አለ፤ የበሬውን ለምዶ ትልቅ ነገር ነበር የጠበቀው። እስኪመሽ ድረስ እጃቸው አላረፈም። ሲጠያየቁ፣ ሲከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ሲዳስስ፣ እኔ ከጥግ ሆኜ አየሁ። አዲስ አበባ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለ አፅም አለን፤ ማንም እንዲህ ሲያየው አላየሁም።

ለመምህራቸው፣ ለውጭ አገሩ ዶክተር፣ ስለ ዋሱ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ግን የኮሌጁ ንብረት ነው፣ በየዓመቱ ያስፈልጋል አለኝ። «ላሳደረችሽ ሴትዮ የምስጋና ካርድ እንልክላታለን» አለ።

ንግግራችንን የክፍሉ አለቃ ይልማ ሰምቶት ነበር። የአይከል ልጅ ነው። እጁ ውስጥ የነበረውን የጎድን አጥንት አስቀመጠ።

«ሴትዮዋ ዋስ ቆመዋል ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«የሰው ዋስ አስይዘን ነው እንግዲህ የምንፈተነው» አለ ለጓደኞቹ። 

ሰኞና ማክሰኞ

ፈተናው ተሰጠ። ፈታኙ ጎባጣውን ክንድ አንሥቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሁሉም መለሱ። አንዱ በእንግሊዝኛ ከመለሰ በኋላ በአማርኛ «ወጌሻ አጥታ ነው» ብሎ ጨመረበት፤ እኔ ነግሬያቸው ነበር።

ማክሰኞ ይልማና እኔ በኮሌጁ መኪና ደባርቅ ተመለስን። ግንቡን ያየሁት ያኔ ስንወጣ ነው። እትዬ አበቡ መምሬንና አያ ካሴን አስጠሩ። ይልማ ቆመ።

«ዋስ ልለውጥ ነው የመጣሁ» አለ። «እትዬ አበቡ ይውረዱ፣ እኔና ክፍሌ እንቆማለን።»

«አንተ ስትመረቅስ?» አሉ አያ ካሴ።

«ከእኔ በኋላ የሚገባው ይቆማል።»

«እሱስ ሲወጣ?»

«የሚቀጥለው።»

«ታዲያ መቼ ልትቀበር ነው?»

ይልማ አቀረቀረ። እኔ ልናገር ተነሣሁ፤ እውነቱን ማለትም አጥንቷ እስኪያልቅ ድረስ መሆኑን ልነግራቸው። እትዬ አበቡ ቀደሙኝ።

«ገብቶኛል፣ ተቀመጪ። እኔ ከዋስነቴ አልወርድም። ልጆች ይረሳሉ። ግን ካሴ፣ ገደሉ ላይ አልጣልካት፣ አሁንም አትጣላት። በየዓመቱ፣ ፈተናው ሲያልቅ፣ አንድ ተማሪ እዚህ ቤት ይምጣ። ክንዷ የቱ ጋ እንደ ተሰበረ በራሱ ክንድ ላይ ያሳየኝ። ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያላየ ይስታል። የሳተ ወይም የቀረ ዓመት ጎንደር ወርጄ በነጠላዬ ቋጥሬ አመጣታለሁ። መምሬም ቦታ ይሰጡኛል።»

 አያ ካሴ ለይልማ «በል አሳይ» አሉት።

ይልማ እጅጌውን ሰብስቦ ጣቱን ክንዱ ላይ አኖረ። እትዬ አበቡ ጎንበስ ብለው አዩና ጠላ ቀዱለት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ወደዚያ አልተመለስኩም። ኮሌጁ ሌሎች አፅሞችም አግኝቷል ይባላል። ፈተና ሲያልቅ ግን አንድ ተማሪ ደባርቅ ይወጣል፤ ማን እንደሚሄድ ዕጣ ያወጣሉ። ባለፈው ዓመት ዕጣው የደረሰው ጥናቱን ቸል ያለ ልጅ ነበር አሉ፤ ግራ ክንዱን አሳየ። እትዬ አበቡ ጠላውን ከፊቱ አንሥተው ጎንደር ሊወርዱ ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ። ልጁ በመጣበት መኪና ወርዶ አጥንቷን አይቶ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ቀኙን አሳየ።